«መቼ ነው የሚመለሰው?»፦ ስለ ወላጅ አልባ ልጆችና ስለ ውጭ ጉዲፈቻ፣ ከደብረ ማርቆስ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ወላጅ ካጡ ልጆች ጋር መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ በአንድ የሚሲዮን ማሳደጊያ አስተርጓሚ ነበርኩ። አሁን የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ሳይጨርስ ስለ ጉዲፈቻ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቡና አፈላንና «ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ ይዛችሁ ኑ» አልን። ኦርቶዶክሱም መጣ፣ ጴንጤውም መጣ። መምጣት ያልቻለ በስልክ ላከ። ያኔ የመለስኩትን አስታውሼ፣ ያልጨረስኩትን ጨምሬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ (ከቢቸና አካባቢ የመጡ አያት)፦ ልጄ፣ አምስት ዓመት የሞላው የልጅ ልጅ አለኝ። እናቱ ሞተች። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ በዚያው ቀረ። እኔም ጉልበቴ ደክሟል። አንድ ደላላ «ለፈረንጅ አስመዘግብልሻለሁ፣ ሁለት ሺህ ብር አምጪ» አለኝ። ልስጠው?

መልስ፦ እማማ፣ አንዲት ብር እንዳይሰጡት። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ቀርቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን ሲያሻሽል፣ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስድ የሚፈቅደውን አንቀጽ ሰርዞታል። ዛሬ «አስመዘግባለሁ» የሚል ሰው የሚያስመዘግብበት መዝገብ የለውም። ለቀበሌውና ለፖሊስ ይንገሩ። ከእርስዎ ካጣ ነገ ሌላ አያት ጋ ይሄዳል።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። አባቱ ቀረ እንጂ ሞተ አላሉኝም። ከጎጃም ሁመራና መተማ የሚወርደው ወጣት ስፍር ቁጥር የለውም። እዚያ ወባ አለ። የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው ካላዛርም አለ፣ ካልታከሙት ይገድላል። ታሞ የቀረ አለ። በጦርነቱ መንገድ የተዘጋበት አለ። አፍሮ ባዶ እጁን መመለስ ያቃተውም አለ። አብረውት የወረዱትን የመንደሩን ልጆች ጠይቀዋል? ካልጠየቁ አብረን እንጠይቃለን። አባት በሕይወት እያለ ልጁን «ወላጅ የሌለው» ብሎ የሚጽፍ ወረቀት ላይ ጣትዎን እንዳያሳርፉ።

ሌላው መሬቱ ነው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ስላየሁ ነው። እናቱ በስሟ የመሬት ይዞታ ደብተር ነበራት? ከነበራት ልጁ ወራሽ ነው። የክልሉ ሕግ ይዞታ በውርስ እንዲተላለፍ ይፈቅዳል። ልጁ እስኪያድግ በሞግዚቱ በኩል መሬቱ ሊከራይ ወይም በእኩል ሊታረስ ይችላል። እኛ አገር አጎት ልጁን «ከተማ ወስደን እናስተምረው» ብሎ ማሳደጊያ ካስገባ በኋላ መሬቱን ሲያርስ አይቻለሁ። አጎት ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ልጁ ከመንደር ሲጠፋ የእርሻው ድንበርም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሞግዚትነቱን በወረዳ ፍርድ ቤት በእርስዎ ስም ያስወስኑ። የልደት ምዝገባ ካልተደረገለትም ያስመዝግቡት። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ያለፈውም ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል።

ጉልበትዎ መድከሙንም ሰምቻለሁ። የወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄደን እናመለክታለን። ዕድርዎንም እንጠይቃለን። ብዙ ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የተቋቋመ ይባላል። እኔ ግን ለሕፃን ዩኒፎርምና ደብተር በወር የሚያዋጡ ዕድሮች እዚሁ ዞናችን አውቃለሁ።

ጥያቄ (አንድ ወጣት)፦ መንግሥት ለምን ከለከለው? ሄደው የተለወጡ ልጆች እኮ አሉ።

መልስ፦ አሉ ወንድሜ። ጥሩ ቤት ገብተው፣ ተምረው፣ ዛሬ አማርኛ ለመማር የሚታገሉ ልጆች አውቃለሁ። በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው ያደጉት። ይህን የሚክድ ሰው አይደለሁም።

ግን ነገሩ እንዴት እንደሄደ ተመልከት። በ2010 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጠቅላላው ከ15 ሺህ በላይ ናቸው፣ አሜሪካ ብቻ። አንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ወደ ድሃ ወረዳ ሲወርድ ልጅ ፈላጊ ደላላ ይፈጠራል። የሞተ አባት በወረቀት ይፈጠራል። ያልሞተች እናት በወረቀት ትሞታለች። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ የአንድ ጉዲፈቻ ድርጅት ሰዎችን በኢትዮጵያ ልጆች ሐሰተኛ ሰነድ ከሷቸዋል።

በእኛ በኩል መጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይመለከት የነበረውን የጉዲፈቻ ፋይል ወደ 5 አወረደው። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ግዛት አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት የጉዲፈቻ ልጃችን በአሳዳጊዎቿ ግቢ በብርድና በረሃብ ሞተች። አሳዳጊዎቿ ተፈርዶባቸዋል። ያ ዜና እዚህ እናቶችን እንዴት እንዳስለቀሰ አስታውሳለሁ። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻው ሥራ ታገደ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ ሕጉ ወጣ።

ድንበር መሻገሩ በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። እኛም ተቀብለን እናውቃለን። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው አሳድገዋል፤ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ የነሐስ ሙዚቃ ባንድ የሆኑት እነሱ ናቸው። የመንግሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። ልዩነቱ ምን መሰለህ? እነዚያ ልጆች በእልቂት ዘመዶቻቸውን ያጡ ነበሩ። ከእነሱ ላይ አርመንነታቸውን የቀማ አልነበረም። የእኛዎቹ ግን ብዙዎቹ አያት ነበራቸው፣ አክስት ነበራቸው፣ አንዳንዱም እናት ነበረችው።

ጥያቄ (አንዲት እህት፣ ትንሽ ፈራ ተባ እያለች)፦ አንተ ራስህ ያኔ ልጆች ልከሃል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። ባትጠይቂኝም ልናገረው ነበር።

ማሳደጊያው የነበሩት ነጮች ክፉዎች አልነበሩም። ሌሊት ከታመመ ልጅ ጋር የሚያድሩ፣ የሚጸልዩ፣ የሚያለቅሱ ሰዎች ነበሩ። ኤድስ ገበሬውንም ከተሜውንም የጨረሰበት ዘመን ገና አላለፈም። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ጥቂት ዓመት ነው። ልጅ በየሳምንቱ ይመጣል። አልጋ የለም። አንድ ልጅ ውጭ ሄደ ማለት ለሌላው አልጋ ተገኘ ማለት ነበር። እኛም እግዚአብሔርን እናመሰግን ነበር።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት የሦስት ልጆች እናት መጣች። ባሏ ሞቷል። ትንሹን፣ የአራት ዓመቱን ልጅ ለመስጠት ተስማማች። እንግሊዝኛውን ወረቀት ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ልጁ ለዘለቄታው የእነሱ እንደሚሆን ይላል። እኔ ምን አልኳት? «ያሳድጉልሻል» አልኳት።

ቃሉን ተመልከቺው። «ያሳድጉልሻል»። ለአንቺ ነው የሚያሳድጉት ማለት ነው። ልጁ የአንቺው ነው፣ ድካሙ የእነሱ ነው ማለት ነው። በእኛ አገር ማደጎ የሚባለው እንዲህ ነው። ልጅ ለአክስት ይሰጣል፣ ለክርስትና እናት ይሰጣል፣ ከተማ ላለ ዘመድ ይሰጣል። ለበዓል ይመጣል። ሲያድግ ሁለት ቤት አለው። የኛው የቤተሰብ ሕግም፣ የ1992ቱ፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር አይቋረጥም ነው የሚለው። የአሜሪካው ግን ሌላ ነው። እዚያ ጉዲፈቻ ሲጸድቅ የወላጅ መብት ይቋረጣል። ልጁ አዲስ የልደት ወረቀት ይወጣለታል፣ ከእናት ቦታ ላይ የአዲሷ ስም ይጻፋል። አንድ ቃል ነው፣ ሁለት ትርጉም አለው። በመሃል የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እሷ የሰማችው አንዱን ነው፣ የፈረመችው ሌላውን ነው። ፈረመች ስል በአውራ ጣቷ ነው።

ዋሽቼ አይደለም። ቃል አጥቼ ነው። «ይወስዱብሻል» ብል ኖሮ ግን ጣቷን አታሳርፍም ነበር። ያንን አውቅ ነበር መሰለኝ።

በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ትመጣ ነበር። ቅቤ በቅል ይዛ ትመጣለች። «ልጄ ትምህርቱን መቼ ነው የሚጨርሰው? መቼ ነው የሚመለሰው?» ትለኛለች። ፎቶ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ከዚያ ቆመ። በአራተኛው ዓመት አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ። ቅቤውን ግን ትታልኝ ሄደች። ከዚያ ወር በኋላ ሥራውን ለቅቄ ወደ ቤተሰብ ማገናኘቱ ዞርኩ።

ጥያቄ (አንድ ፓስተር)፦ ቤተ ክርስቲያናችን ከውጭ ወንድሞች ጋር ሆና 60 ልጆች የሚይዝ ማሳደጊያ ልትሠራ አስባለች። መሬት ጠይቀናል። ምን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ፓስተር፣ ልብዎን አውቃለሁ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ማሳደጊያውን አይሥሩ።

ሁላችንም የምንጠቅሰው የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ነው፤ «ወላጆች የሌላቸውን ልጆች ባልቴቶችንም በመከራቸው መጠየቅ» ይላል። ሁለት ነገር እዩልኝ። አንደኛ፣ ልጁንና ባልቴቲቱን አንድ ላይ ነው የጠራቸው። በእኛ ወረዳ ባልቴቲቱ ማን ናት? የልጁ እናት ናት፣ አያቱ ናት። እኛ ግን ልጁን ወስደን ባልቴቲቱን እዚያው እንተዋታለን። ሁለተኛ፣ ቃሉ «መጠየቅ» ነው። የታመመ ዘመድ እንደምንጠይቀው ወደ ቤቷ መሄድ ነው። ወደ ግቢያችን መሰብሰብ አላለም።

ሙሴንም ያስቡት። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከወንዝ ስታገኝ ምን አደረገች? የሕፃኑ እህት የገዛ እናቱን ጠርታ አመጣችላት፤ የፈርዖን ልጅም «አጥቢልኝ፣ ደመወዝሽን እከፍልሻለሁ» አለቻት። እናት ለገዛ ልጇ ማጥቢያ ተከፈላት! ይህን ክፍል ስሰብክ ድምፄ ይለወጣል። ምክንያቱም ለአንድ ልጅ ማሳደጊያ ውስጥ የሚወጣው ገንዘብ፣ ለሞግዚት፣ ለዘበኛ፣ ለግንብ፣ ለመኪና ጭምር ነው። ያው ገንዘብ በእናቱ እጅ ቢገባ ሦስቱንም ልጆች ያሳድጋል። አንዲት ላም፣ ጥቂት ዶሮ፣ የገበያ መነሻ ብር። እናቱ ልጇን የሰጠችው ስላልወደደችው አይደለም። ስለቸገራት ነው።

ጥናቱም ይህንኑ ነው የሚለው። ቡካሬስት፣ ሩማኒያ ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተከታተሉ። ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ በቤቱ ተቀብሎ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ፣ እንዲገቡ ተደረገ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ እድገትም፣ ሰውን በመቅረብም ከቀሩት በጣም ተሻሉ። አልጋ፣ ወተትና ክትባት ሁሉም ነበራቸው። የጎደላቸው አንድ የእኔ የሚሉት ሰው ነበር። የኛው መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ያወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ለውጭ ወንድሞች ምን እንበላቸው? እውነቱን ይንገሯቸው። ግንብ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ስም ይጻፍበታል፣ ይህን አውቃለሁ። ቤቷ ተቀምጣ ልጇን የምታሳድግ እናት ግን የሚመረቅ ሕንፃ የላትም። ቢሆንም ብዙዎቹ ሲነገራቸው ይገባቸዋል። ሁለት ጥሩ የማኅበራዊ ባለሙያ ይቅጠሩ፣ ሁለት ሞተር ሳይክል ይግዙ፣ 60ውን ልጅ በየቤቱ ይጎብኙ። በእውነት ማንም የሌለው ልጅ ሲገኝ ከምእመናኑ መካከል አደራ ቤተሰብ ያሰልጥኑ። የልማት ክንፋችሁም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዝገብ። ከክልሉ ጋር ስምምነት ሳይፈርሙ አንድም ልጅ አይቀበሉ።

ጥያቄ (የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ)፦ እኛ ግን የምንፈራው ሌላ ነው። ሚሲዮኖች ዳቦ እየሰጡ የልጆቻችንን ሃይማኖት ያስለውጣሉ።

መልስ፦ ፍርሃትህ መሠረት የለውም አልልህም። እኔ ወንጌላዊ አማኝ ነኝ፣ እናቴ ግን ማርቆስን ተሳልማ ነው የኖረችው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነው የምናገረው። የራበው ልጅ «አሜን» ሲል እምነት አይባልም፣ ረሃብ ነው። እርዳታን ከሃይማኖት ጋር የሚያስር ሰው ልጁንም ወንጌሉንም ይበድላል። እኛ ስንሠራ ልጁ በቤተሰቡ ሃይማኖት ነው የሚያድገው። ጾሙን ይጾማል፣ ክርስትና አባቱን ይጠይቃል። ይህ ሲጣስ ካየህ ና ንገረኝ፤ እኔው ቀድሜ እቆማለሁ።

ግን አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። እኛ ጎጃሞች ለሌላ አገር ልጅ እንጀራ ስንሰጥ ኖረናል። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ለቅኔ የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በር ያልከፈተለት ማን ነው? አኩፋዳው ባዶውን አይመለስም። ከየት መጣህ፣ የማን ዘር ነህ አንለውም። ያ ደግነት ለቀዬው የሙት ልጅ ለምን ይጠፋል? ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው በረሃብ ከወደቁ ሰዎች መካከል ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ በቤታቸው 21 ልጅ ሞላ። ባላቸው «እኔን ወይ እነሱን» አሉ፤ እሳቸው ልጆቹን መረጡ። ፈረንጅ አልነበሩም፣ ሚሲዮንም አልነበሩም። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰው በከንቱ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤታችሁ አሥር አያቶችን ቢይዝ ሚሲዮን የሚፈልግ ማን ይኖራል?

ጥያቄ (ከአሜሪካ በስልክ የተላከ)፦ ወንድሜ ደጀን ላይ ሞተ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። በጉዲፈቻ ልወስደው እችላለሁ? ሥጋዬ እኮ ነው።

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናህ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ስለዚህ በሕጉ ዓይን የውጭ ዜጋ ነህ። ነገሩን ከመጀመርህ በፊት ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በጽሑፍ ጠይቅ፣ በጽሑፍም መልስ ተቀበል። በደላላ ወይም «የማውቀው ሰው አለ» በሚል እንዳትገባ። የአሜሪካው ኢሚግሬሽን ሕግም አለ። የጉዲፈቻ ልጅ ብለህ በተለመደው መንገድ ልታስገባው ከፈለግህ ጉዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው መፈጸም አለበት፤ ሁለት ዓመትም በሕጋዊ ጥበቃህ ሥር ሆኖ አብሮህ መኖር አለበት። አንተ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆናችሁ ሁለት ዓመት እንዴት ይሞላል?

ስለዚህ ልጁን ካለበት አሳድገው። እናቱ አለች? አያቱ? ገንዘቡን በእነሱ በኩል ላክ። በየሳምንቱ ደውልለት። ልጅ በዚህ ዕድሜው ከገንዘብ ይልቅ የአባቱን ድምፅ የሚመስል ድምፅ ነው የሚፈልገው። አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ በተማሪነት የሚሄድበት መንገድ ሊኖር ይችላል። «እወስድሃለሁ» ብለህ ግን አትንገረው። ያንን ቃል የሚጠብቅ ልጅ ደብተሩን አይከፍትም። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ የመጡ መምህራን ባልና ሚስት)፦ ልጅ አልወለድንም። እዚሁ አገር ውስጥ ጉዲፈቻ ማድረግ ይቻላል? ሰው እንዳያውቅብን ግን እንፈልጋለን።

መልስ፦ ይቻላል፣ ደስም ብሎኛል! የተከለከለው የውጭው ነው። የአገር ውስጡን ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ያበረታታዋል። ክልላችን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ከፌደራሉ ጋር ይቀራረባል። በፌደራሉ ሕግ አሳዳጊ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው ዕድሜ ይበቃል። ልጁ ከ18 በታች ነው። ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ታመለክታላችሁ፣ ባለሙያ ቤታችሁን ያያል፣ ፍርድ ቤት ያጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ «ተውኩት» የለም። ሽንኩርት እንደመሸመት አይደለም።

ምስጢሩን ግን ተዉት። አባቶቻችን የጡት ልጅ ሲያደርጉ በሽማግሌ ፊት ነበር። ማር በጣት ነክረው ልጁን ያስጠቡታል፣ አገር ያያል፣ ልጁም ያውቃል። የሚያሳፍር ነገር አልነበረም። እኛ ከተማ ገብተን ነው የደበቅነው። መንደር ምስጢር አይጠብቅም። ልጁ ከእናንተ ካልሰማ ከጎረቤት ልጅ በጠብ መሃል ይሰማዋል። ከሦስት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ እንደ ተረት እየነገራችሁ አሳድጉት። ቤተሰቡ የሚታወቅ ከሆነም ለፋሲካ ውሰዱት። ፍቅራችሁ አይቀንስም።

ጥያቄ (የሶሻል ወርክ ተማሪ)፦ በአገራችን ወላጅ አልባ ሚሊዮኖች ናቸው ይባላል። ማሳደጊያ ሳይኖር ይህን ሁሉ ማን ያሳድጋል?

መልስ፦ ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ ሲል አንድ ወላጅ የሞተበትንም ይቆጥራል። ከቁጥሩ አብዛኛው እናቱ ወይም አባቱ ያለለት ልጅ ነው። ዛሬም የሚያሳድጉት ዘመዶቹ ናቸው፣ ማሳደጊያ የገባው በጣም ጥቂቱ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ደግሞ አዲስ ወላጅ ያጡ ልጆች መጥተዋል፣ ትምህርት ቤትም ብዙ ቦታ ተዘግቷል። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚህ ላይ ብትሠሪ እረዳሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለሁለት ሳምንት የሚመጡ የውጭ ወጣቶች ልጆቹን አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። ልጁ በዓመት አምስት ጊዜ ወዶ አምስት ጊዜ ይተዋል። የባለሙያ ሥልጠና ይስጡን፣ ጣሪያ ያድሱልን። ማቀፉን ለአክስቶቹ ይተዉት።

ጥያቄ (ወንድሟ በ1999 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ የሄደባት)፦ ላገኘው እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሱም እየፈለገሽ ይሆናል። ያኔ የሄዱት አሁን ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል፣ ብዙዎቹ እየመጡ ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል በኢንተርኔት ያለ መዝገብ አለ፤ የዚህ ወገን ቤተሰብም፣ የዚያ ወገን ልጅም የሚመዘገብበት። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ኮፒ ፈልጊ፣ ፎቶ ካለ አምጪ፣ በቤት ሲጠራ የነበረውን ስምም ጻፊ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በሰባት ዓመቱ ከመቅደላ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ መንገድ አልነበረውም። አሁን ግን መንገድ አለ። እኔ ጋ ነይ፣ ፎርሙን አብረን እንሞላለን።

ጥያቄ (የመጨረሻው፤ በማሳደጊያ ያደገ የ15 ዓመት ልጅ፤ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል)፦ ትንሽ ሆኜ «ፈረንጆች ይወስዱሃል» ይሉኝ ነበር። ሻንጣም ተሰጥቶኝ ነበር። ከዚያ ተዘጋ ተባለ። አሁን ምን ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ ይቅርታ። ያንን ተስፋ ከሰጡህ ሰዎች አንዱ እኔ ባልሆንም፣ እንደ እኔ ያሉ ናቸው። ሻንጣውን አሁንም አልጋህ ሥር እንዳስቀመጥከው ሞግዚቷ ነግራኛለች። አትጣለው።

ፈረንጅ አይመጣም። ይህን የምነግርህ ሌላ ዓመት እንዳትጠብቅ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ፋይልህን አወጣሁት። ስትገባ ከተሞላው ቅጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ «አክስት፣ ሉማሜ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሄዶ አልጠየቀም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ነው ተብሎ ስለነበር። አክስትህ ትኖር ይሆናል፣ ላትኖርም ትችላለች። ብትኖር ችግረኛ ልትሆን ትችላለች። እሱን ቀስ ብለን እናያለን፣ የሚረዳት ገንዘብ እንፈልጋለን። ካልፈለግህ ማንም አያስገድድህም።

ማክሰኞ የሉማሜ ገበያ ይሁን አይሁን ሾፌሮቹን እጠይቃለሁ። በገበያ ቀን ሰው ሁሉ ስለሚወጣ መጠየቅ ይቀላል። ጠዋት አንድ ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ። የእናትህን ስም የምታስታውስ ከሆነ በወረቀት ጽፈህ ያዝ።